እርሳስ ይዛችሁ ግቡ፦ ከእናቴ ጋር ያየሁት የኮሌጅ ቤዝቦል

እናቴ ከደሴ ናሽቪል ድረስ የመጣችው የልጅ ልጇን ለማየት ነው። ልጄ ደግሞ በጸደይ ወራት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የምትገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለው ሃውኪንስ ፊልድ በተባለው የቤዝቦል ሜዳ። «እንግዲያውስ እዚያው ሄጄ አያታለሁ» አለችና እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መኪና ውስጥ ገባች።

ይህን ለማን እንደምጽፍ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ የሚኖር፣ በሜዳው አጥር ሥር ዓመት ከዓመት የሚመላለስ፣ ግን «ይህ ጨዋታ ለእኛ አይገባንም» ብሎ አንድ ቀን እንኳ ያልገባ ወገን ብዙ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለ ጨዋታው ሰምተው ይመጣሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ቤት ውስጥ መልስ የሚሰጣቸው የለም። እኔም ለአምስት ዓመት ያህል እንደዚሁ ነበርኩ። ሥራዬ ሰው ማመላለስ ስለሆነ በዚያ ሜዳ በር ላይ ተሳፋሪ ያወረድኩበትን ጊዜ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድም ቀን ግን ሞተር አጥፍቼ አልወረድኩም።

መጀመሪያ ጆሮዬን የሳበው ሬዲዮ ነው። ጁን 8 ቀን 2019 አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ገና እንደተቀመጡ ጨዋታው ያለበትን ጣቢያ እንዳወጣላቸው ለመኑኝ። ቫንደርቢልት ከዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይጫወታል፤ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ስለተሸነፈ ይህን ከደገመ ዓመቱ እዚያው ያበቃል። የሚወረውረው ኩማር ሮከር የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ሆነው በየመሐሉ ቁጥር ይጠራሉ፤ «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት»። ወርዋሪው ያለ አንዳች ምት ያሰናበታቸውን መቺዎች ነበር የሚቆጥሩት። ቤታቸው በር ላይ ደርሰን አልወረዱም፤ እኔም ውረዱ አላልኩም። ልጁ 19 ሰዎችን በዚህ መንገድ አሰናበተ፤ ዘጠኙንም ዙር ወርውሮ ዱክ አንዲት ደህና ምት እንኳ ሳያገኝ 6 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ወር ቡድኑ የመጨረሻው ውድድር ወደሚደረግባት ኦማሃ ከተማ ሄዶ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። እኔ በዚያ ምሽት የገባኝ ነገር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሌላውን ሰው መኪና ውስጥ ትንፋሹን ውጦ እንዲቀመጥ ማድረግ ከቻለ ሄጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ገና ሳልጠግበው ኮሮና መጥቶ መጋቢት ላይ ሁሉም ተዘጋ። ከ2021 ወዲህ ግን ከልጄ ጋር ብዙም ቀርተን አናውቅም።

ለጀማሪ ከትልልቆቹ የሙያ ቡድኖች ይልቅ ኮሌጅ ይሻላል እላለሁ። ሜዳው ትንሽ ነው፤ የትም ብትቀመጡ የተጫዋቹን ፊት ታያላችሁ፤ አሠልጣኙ የሚጮኸውን ትሰማላችሁ። ወጪውም ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው አይከብድም። የጨዋታው ዘመን የካቲት አጋማሽ ላይ ይጀምርና እስከ ሰኔ ይዘልቃል፤ አንድ ቡድን በመደበኛው ጊዜ እስከ 56 ጨዋታ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ እንግዳ ቡድን ጋር ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ደግሞ ከቅርብ ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር አንድ ጨዋታ ይጨመራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የማክሰኞውን ይምረጥ። ሰው ይቀንሳል፣ ቲኬቱ ይረክሳል፣ ልጅ ቢያለቅስ የሚገላመጥ የለም። ጥሩ ወርዋሪ ማየት የፈለገ ግን ዓርብ ይሂድ፤ አሠልጣኞች ዋናውን ሰው ለዓርብ ነው የሚያስቀምጡት።

የበሩን ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቀኑ የሚበላሽበት እዚያ ነው። በሌላ ከተማ አንድ ስታዲየም ስሄድ ጥቁር የትከሻ ቦርሳ ውስጥ ዳቦ፣ ቆሎና የልጄን ሹራብ ይዤ ነበር። በር ላይ መለሱኝ። መኪናችን የቆመው ሩቅ ስለነበር ደርሰን ስንመለስ ሁለት ዙር አልፎን፣ ልጄም አኩርፋ ነበር። በአብዛኞቹ ትልልቅ ኮሌጆች የሚገባው ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ከውጭ ምግብ ማስገባትም በብዙ ቦታ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ስታዲየም ደንቡን በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ከቤት ሳትወጡ አንብቡት። ለትልልቅ ሰዎች መድኃኒት ወይም ልዩ ምግብ መያዝ ግዴታ ከሆነ አስቀድማችሁ ስልክ ደውሉ። ቲኬት ስትገዙም ፀሐይ በየትኛው በኩል እንደምትመታ ጠይቁ፤ እኔ ለእናቴ ከመቺው ጀርባ ከመረቡ ኋላ ያለውን ጥላ ነው የመረጥኩላት። ሰዓቱ ላይም አትሳሳቱ፤ ቲኬቱ 2 ሰዓት ሲል ለእናቴ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው።

ሌላው ጾም ነው። ጨዋታው የሚደምቅበት ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ስታዲየም ውስጥ የሚሸጠው ባብዛኛው ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማ፣ አይብ የፈሰሰበት የበቆሎ ጥብስና አይስክሬም ነው። የሚጾም ሰው ግን ከነልጣጩ የተቆላ ለውዝ ያገኛል። ለውዙ ቤዝቦል ከሚባለው ነገር ጋር አብሮ የኖረ ምግብ ነው፤ ሰው ሁሉ እየፈለፈለ ልጣጩን እግሩ ሥር ይጥላል። እናቴ ይህን ስታይ መጀመሪያ ልጣጩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰበሰበች፤ ጎረቤቷ የተቀመጡት ሴትዮ በምልክት «ጣይው» ሲሏት እንኳ እሺ አላለችም። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ቆሻሻ መጣያው ራሷ ወስዳ ጣለችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጄ ሁልጊዜ ሁለት እርሳስና የነጥብ መመዝገቢያ ወረቀት ትይዛለች። ያን ቀን ሦስት እርሳስ ይዛ መጥታለች። አንዱን ለአያቷ ሰጠቻትና «እማማ፣ እርስዎም ይጻፉ» አለቻት።

ይህ ምዝገባ ነው እኔን ራሴን ጨዋታው ውስጥ ያስገባኝ። ደንቡን ሁሉ በቃል አጥንቶ የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ ይጠፋበታል፤ የሚመዘግብ ሰው ግን በእያንዳንዱ ውርወራ «አሁን ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ለመጀመር የሚበቃው እውቀት ይህን ያህል ነው። መቺው በዱላው ሊመታት የሚገባ ኳስ ካለፈችው ወይም ሰንዝሮ ከሳታት ስትራይክ ይባላል፤ ሦስት ስትራይክ ከተቆጠረበት ወጣ። ወርዋሪው አበላሽቶ ከወረወረ ቦል ይባላል፤ አራት ቦል ከተቆጠረለት መቺው በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። ቤዝ የሚባለው ሯጭ የሚረግጠው ማረፊያ ነው፤ ሦስቱን ቤዝ ዞሮ መቺው ወደሚቆምበት ቦታ የተመለሰ ሯጭ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገባል። ሦስት ሰው ከወጣ ተራው ለሌላው ቡድን ይደርሳል። ሁለቱም ከመቱ አንድ ዙር አለቀ፤ ዘጠኝ ዙር አለ። ጨዋታውን የሚጨርስ ሰዓት የለም። አራት ለዜሮ እየተመራህ ዳኛው ፉጨት ነፍቶ አያስቆምህም፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ ዕድል አለህ።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይመጣል። እያንዳንዱ ተከላካይ በቆመበት ቦታ የሚጠራበት ቁጥር አለው፤ ማልያው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ወርዋሪው 1 ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልበው 2። የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ 3፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 5። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው፣ ሾርትስቶፕ የሚሉት፣ 6። ርቀው ከሚቆሙት ሦስቱ ከመቺው በኩል ሲታዩ የግራው 7፣ የመሐሉ 8፣ የቀኙ 9 ናቸው። መቺው መሬት ለመሬት የሰደዳትን ኳስ ሾርትስቶፑ አንሥቶ፣ ሯጩ ሳይደርስ ወደ አንደኛ ቤዝ ከወረወረ «6-3» ብለህ ትጽፋለህ። በቃ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ወረቀት ብታገኘው ኳሷ በማን እጅ እንዳለፈች ታነባለህ። በሦስት ስትራይክ የወጣ ሰው «ኬ» በምትባለው የላቲን ፊደል ይመዘገባል። ይህን የፈጠረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሄንሪ ቻድዊክ የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ «ስትራክ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጨረሻዋን ፊደል ወሰደ። መቺው ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ እያየ ከወጣ ፊደሏ ተገልብጣ ትጻፋለች።

እናቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናት። ልጄ ቁጥሮቹን ስታስረዳት አዳመጠችና ወረቀቷ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለች በግዕዝ ጻፈቻቸው። ለሦስት ስትራይክም የፈረንጁን ፊደል ትታ «ሳ» አለች፤ ሳተ ለማለት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእኛ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት መዝገብ ተያዘ።

የመጀመሪያው ችግር ዓይኗ ነበር። «ልጄ፣ ኳሷ አትታየኝም። ከእጁ ስትወጣ አየኋት፣ ከዚያ የለችም።» እውነቷን ነው። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከግማሽ አይሞላም፤ ጎበዝ የኮሌጅ ወርዋሪ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረውራል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ኳሷን ስፈልግ ነው ጨዋታው ያለፈኝ። ስለዚህ «እማዬ፣ ኳሷን ተያት፤ የሰዎቹን እግር እይ» አልኳት። ኳሷ ስትመታ ዘጠኙም ተከላካዮች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ሊይዝ፣ ሌላው ሊቀበል፣ ሦስተኛው ሌላው ቢስት ከኋላ ሊደርስ። ቤዝ ላይ የቆመው ሯጭም እያንዳንዱን እርምጃ እያመዛዘነ ነው። ይህን ለይቶ የሚያይ ሰው ኳሷ የት እንዳለች ከሰዎቹ አኳኋን ያውቃል።

ምክሩን ከእኔ በላይ ተጠቀመችበት። በሦስተኛው ዙር የእንግዳው ቡድን ሯጭ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሞ ነበር። ሁላችንም መቺውን እናያለን። እናቴ ክንዴን ያዘች። «ይህ ልጅ ማንም ሳይመታለት ወዴት ነው የሚሄደው?» ቃሉን ሳትጨርስ ልጁ ሮጠ። ቀላቢው ከቁጢጡ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ወረወረ፤ ሾርትስቶፑ ተቀብሎ ሯጩ በአቧራ ውስጥ ሲንሸራተት እግሩን ነካው። ዳኛው ጡጫውን አነሣ። ልጄ «እማማ፣ ቤዝ ሊሰርቅ ነበር፣ ተያዘ» ስትላት እናቴ እርሳሷን አነሣችና ፪-፮ ብላ ጻፈች። ከፊታችን የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩዋት።

ስለ ድምፁም ልናገር። የሙያ ተጫዋቾች ዱላ እንጨት ነው፤ ኮሌጆች ግን ከ1974 ጀምሮ አሉሚኒየም ተፈቅዶላቸዋል። ኳሷ ስትመታ የሚሰማው አንጥረኛ ቤት እንደሚሰማው ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ከ2011 ወዲህ የዱላው ኃይል በደንብ ተገድቧል፤ ቢሆንም አቅጣጫዋን ስታ ወደ ሰው የምትመጣ ኳስ አደጋ ናት። በአምስተኛው ዙር አንዷ ከመረቡ ውጭ ባለው ወንበር ላይ አረፈች፤ ደግነቱ ባዶ ነበር። ልጅ ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ከመረቡ ኋላ ተቀመጡ፤ መረብ በሌለበት ከተቀመጣችሁ ደግሞ ኳስ በሚወረወርበት ጊዜ ስልካችሁን አትዩ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ሰው ሲመታ አይቻለሁ።

ፉጨትም አለ። የቫንደርቢልት ደጋፊዎች መካከል ጨዋታውን ሙሉ በማፏጨት የታወቁ አሉ፤ ኦማሃ ላይ በቴሌቪዥን የሚከታተሉ የሌላ ቡድን ደጋፊዎች ምን ያህል እንዳማረሩባቸው ዓለም ያውቃል። እናቴ ግን ሰምታ «እረኛ አለ እንዴ?» አለች፤ ፊቷ በራ።

በስድስተኛው ዙር ሜዳው ተናወጠ። 2 ለ 1 እየተመራን ሦስቱም ቤዝ በእኛ ልጆች ተሞላ፤ ቀጣዩ መቺ በግራ መስመር ላይ ርቃ የሄደች ኳስ መትቶ ሦስቱም ገቡ። የእንግዳው አሠልጣኝ ኳሷ ከመስመር ውጭ ነበረች ብሎ ወጥቶ ከዳኛው ጋር ሲከራከር እናቴ በሐዘኔታ አየችውና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለች። ከዚያ ለልጄ ወንድሞቿ በልጅነታቸው ለገና ዱላ ሲቆርጡ፣ ጥንጓን ሲያባርሩ እንዴት እንደነበር ነገረቻት። ልጄ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማችም፤ ከእኔም ጭምር።

በሰባተኛው ዙር መካከል ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ይዘምራል፤ ልማዱ ነው። እናቴ የአገር መዝሙር መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመች። እየተዘመረ ሳለ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መብረቅ ታየ። ተጫዋቾቹ ተጠሩ፤ እኛም ወደ ጣሪያ ሥር እንድንገባ ተነገረን።

ናሽቪል ባለችበት በቴነሲ ግዛት በጸደይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ደንቡ የመጨረሻው መብረቅ ከታየ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ በመካከሉ ሌላ ከመጣ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ብዙ ሰው «አለቀ» ብሎ ይሄዳል። አትሂዱ። ስስ የዝናብ ልብስ ኪስ ውስጥ ያዙና ጠብቁ። እኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን፤ የቀኑን ግማሽ ያህል የተማርኩትም እዚያ ጣሪያ ሥር ነው።

አጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት ደጋፊ የእናቴን ወረቀት አይተው «ይህ የምን ቁጥር ነው?» ብለው ጠየቁ። አስረዳኋቸው። እሳቸውም ጠርዙ ያለቀ ደብተራቸውን አወጡና የ2014ቱን የኦማሃ ጨዋታ አሳዩን። ቫንደርቢልት ቨርጂኒያን 3 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያውን የቤዝቦል ዋንጫ የወሰደበት ነው። በስምንተኛው ዙር ጆን ኖርውድ ኳሷን ከአጥር ውጭ የሰደደባትን ሣጥን በሁለት ቀለም ከበዋታል። በዓመቱ፣ በ2015፣ ቨርጂኒያ መልሶ ከቫንደርቢልት ዋንጫውን ነጠቀ፤ ያኛውንም ገጽ አልገነጠሉትም።

እናቴ ኦማሃ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ከመላው አገሪቱ 64 ቡድኖች ይመረጣሉ፤ በየምድቡ ተጋጥመው 16 ይቀራሉ፤ ከዚያ 8። ስምንቱ ኔብራስካ ውስጥ ወደምትገኘው ኦማሃ ይሄዳሉ። ውድድሩ በ1947 ካላማዙ ላይ ተጀመረ፤ ከ1950 ወዲህ ግን ከኦማሃ ወጥቶ አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለፍጻሜ ደርሶ በተሸነፈው የዬል ቡድን ውስጥ አንደኛ ቤዝ ይጠብቅ የነበረው ወጣት በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ነው። እናቴ ሁሉንም ሰማችና «እንደ ግሸን ጉዞ ነዋ፣ ዓመቱን ሙሉ ስንቅ ተቋጥሮ» አለች። አዛውንቱ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

እዚያው ቆመን ሳለ አንድ ሌላ ሐበሻ አባት አገኘን። የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጁ ይጫወታል፤ ጥያቄው «በዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል ወይ?» ነበር። የነገርኩትን እዚህም ልጻፍ፤ ብዙ ወላጅ ስለሚሳሳትበት። አንድ የቤዝቦል ቡድን ለብዙ ዓመታት የሚያከፋፍለው የስኮላርሺፕ ጣሪያ በሙሉ ክፍያ ሲሰላ 11.7 ብቻ ነበር፤ ያንን ለሃያና ለሠላሳ ልጅ ይሸነሽኑታል። ስለዚህ ሙሉ ክፍያ የሚሸፈንለት ተጫዋች ጥቂት ነበር። ከ2025 ጀምሮ ደንቡ ተለውጦ በአዲሱ አሠራር የገቡ ኮሌጆች የተጫዋች ቁጥር 34 ላይ ተገድቦ ለሁሉም ስኮላርሺፕ መስጠት ተፈቅዶላቸዋል፤ መፍቀድ ግን ማስገደድ አይደለም። ልጁ ትምህርቱ ደህና ከሆነ በትምህርቱ የሚያገኘው ድጋፍ ከስፖርቱ ሊበልጥ ይችላል። መንገዱም አንድ አይደለም። ከጎረቤት ከመርፍሪስቦሮ የወጣው ዴቪድ ፕራይስ ቫንደርቢልት ሦስት ዓመት ተጫውቶ በ2007 የሙያ ቡድኖች ከመላ አገሪቱ ተጫዋቾችን ሲመርጡ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ዳንስቢ ስዋንሰንም በ2015 እንደዚሁ። እዚሁ ናሽቪል ሁለተኛ ደረጃ የተማረው ሙኪ ቤትስ ደግሞ ኮሌጅ ሳይገባ በ2011 ቀጥታ በቦስተን የሙያ ቡድን ተመረጠ። አራት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ የገባ ልጅ ግን ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው አይመረጥም፤ ለወላጅ ይህ ደስ የሚል ደንብ ነው፣ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

ጨዋታው ሲቀጥል ሰው በግማሽ ቀንሶ ነበር፤ እኛም ወደ ፊት ወርደን ተቀመጥን። በስምንተኛው ዙር እንግዶቹ ሁለት አግብተው 4 ለ 4 ሆነ። ልጄ እርሳሷን መንከስ ጀመረች።

በዘጠነኛው ዙር መጨረሻ የእኛ ተራ ነው። አንድ ሰው ወጥቷል፤ አንድ ሯጭ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። መቺው ከፍ አድርጎ መታት፤ ኳሷ ወደ መሐል ሜዳ ወደ 8 ሄደች። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ሰማይ አቀና፤ እንደምትያዝም ታወቀ፤ «ኦ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ግን ወደ ላይ አላየችም። «ያ ልጅ ለምን አይሮጥም? እግሩን ቤዙ ላይ ተክሏል» አለች።

ደንቡ ይህ ነው፦ በአየር ላይ ያለች ኳስ ከተያዘች መቺው ይወጣል፤ ቤዝ ላይ ያለው ሯጭ ግን ኳሷ ጓንት ውስጥ እስክትገባ ቤዙን ረግጦ ከጠበቀ፣ ከዚያ በኋላ መሮጥ ይፈቀድለታል። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ኳሷ ተያዘች፤ ልጁም ተፈተለከ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ከመሐል ሜዳ የተወረወረችው ኳስ አንድ ጊዜ ነጥራ ቀላቢው ጋ ደረሰች፤ ሯጩ ግን በደረቱ ተንሸራቶ በእጁ ቤዙን ነክቶ ነበር። 5 ለ 4። ተጫዋቾቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ወጥተው ተከመሩበት። ከእናቴ አጠገብ የነበሩት የለውዟ ሴትዮ አቀፏት።

ጩኸቱ ሲበርድ እናቴ ተቀመጠችና ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ፰ ብላ ጻፈች። ከጎኑ ልጄ «ገባ» የሚል ቃል እንድትጨምር ነገረቻት። «ለያዘው ልጅም ምልክት አለው? እሱም እኮ በደንብ ያዘ» አለች። ልጄ ትንሽ አሰበችና ቁጥሩ ራሱ የእሱ ምልክት እንደሆነ አስረዳቻት።

ከጨዋታ በኋላ ወዲያው አትውጡ። ልጆች አጥሩ አጠገብ ቆመው ሲጠብቁ አንዳንድ ተጫዋቾች ቀረብ ብለው ኳስ ወይም ኮፍያ ላይ ይፈርማሉ። የሚፈርም እስክሪብቶ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሳስ ኳስ ላይ አይጽፍም። ልጄ በዚያ ቀን ኳስ አልያዘችም፤ የአያቷን ወረቀት ዘረጋችላቸው። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ የነበረው ልጅ የግዕዙን ቁጥር አይቶ የእሱ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ፤ እናቴ በጣቷ አሳየችው፤ እዚያው ሣጥን ሥር ፈረመ።

መኪናው ጋ ስንደርስ እናቴ ቀበቶዋን እያሰረች «ነገም ይጫወታሉ?» አለችኝ። እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ቅዳሴ ወጥተን እንደርሳለን አልኳት።